ከፎቁ ያልወረደው ጽዋ

ደባርቅ ገብቶ «የወይዘሮ ዕፀገነት ቤት የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ እንግዳ ነው፤ የከተማው ባጃጅ ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ ያደርሰዋል። ወደ ሳንቃ በር በሚወጣው መንገድ ዳር የቆመው፣ ሰማያዊ መስተዋት የተገጠመለት ባለ አንድ ፎቅ እሱ ነው። ከታች የባለቤቷ የአቶ ሀብተ ሚካኤል የእህል መጋዘን አለ፤ ከላይ ይኖራሉ። ሀብተ ሚካኤል ከአምባራስና ከዳባት ገብስና ስንዴ እየሰበሰበ ጎንደር የሚያወርድ ነጋዴ ነው። ሁለት አይሱዙ አለው፣ ሆድ አለው፣ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሳቅ አለው። ክፋት ግን የለውም፤ ይህን ጠላቱም ይመሰክርለታል።

የዚያ ቤት ደጅ ተዘግቶ አይታወቅም። አዲስ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሲሾም ደስታው እዚያ ነው። መምህር ሲዛወር ሽኝቱ እዚያ ነው። ከጎንደር አስጎብኚዎች ሲመጡ፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ሲታረቁ፣ ከከተማው በላይ ላለው ፓርክ ሥራ የመጣ የመንግሥት ሰው ሲኖር፣ ምሳው ከዕፀገነት ማዕድ ነው። እሷ ራሷ መቼ ትበላለች እንዳትሉኝ፤ በላች አልበላች ብሎ የሚያይላት የለም። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከዚህ እዚያ ትዞራለች። «ብሉ እንጂ! ምነው፣ ወጡ ጨው በዛበት እንዴ? በሞቴ፣ ይቺን ብቻ! አፈር ስሆን!» እያለች ታጎርሳለች። ከእሷ እጅ ያልጎረሰ ሹም ሹመቱ ገና አልጸደቀም ይባላል። ቀልድ ነው፤ ሰው ግን ሲቀልድም የሚያየውን ነው የሚያወራው።

እንዲህ ያለች ሴት ምን ይጎድላታል ትሉ ይሆናል። ልንገራችሁ፤ የሚጠራት ሰው ይጎድላታል። ሰርግማ ትጠራለች። ስሟ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት ካርድ ይመጣላታል፣ ከፊት ወንበር ይያዝላታል፣ የውሃው ጠርሙስ እንኳ ተከፍቶ ይቀርብላታል። እኔ የምለው ሌላ ነው። «ገነቴ፣ ነይ እስቲ፣ ቤት ያፈራውን እንቅመስ» ብሎ በአጥር ላይ የሚጣራ ጎረቤት ነው የምለው። እሱ የለም። ሰው ሁሉ «የኛ ቤት ለእሳቸው ምኑ ይመጥናል? ምን ላይ እናስቀምጣቸዋለን?» እያለ ይቀራል። ሀብቱ ከመጣ ጀምሮ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ይህ ነገር ያንገበግባት ነበር። ለባሏ ብትነግረው እንደሚስቅ ታውቃለች፤ ስለዚህ ለማንም ሳትነግር ኖረች።

ያለቻት አንዲት ማኅበር ብቻ ነበረች። የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ናት፤ ዐሥራ ሁለት ሴቶች በወር በወሩ፣ በዐሥራ ስድስተኛው ቀን፣ በየተራ ጽዋ የሚጠጡባት። ዕፀገነት ከአምባራስ ተድራ በመጣች በዓመቱ፣ ከባሏ ጋር አንዲት የጭቃ ቤት ተከራይተው ሳሉ የገባችባት ናት። ደንቡን ያወጡት የዛሬዎቹ ሴቶች እናቶች ናቸው፤ አጭር ነው። ተረኛዋ አንድ ድፎ ዳቦ፣ አንድ ጋን ጠላና አንድ ድስት ንፍሮ ታቀርባለች። ከዚያ አያንስም፣ ከዚያም አይበልጥም። ሀብታሟም ድሃዋም እኩል ታቀርባለች፤ ሀብታሟም ድሃዋም መደቡ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተነካክታ ትቀመጣለች። ጸሎቱ ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ተቀብላ፣ በእልልታ ታጅባ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። ዕፀገነት በወር አንድ ቀን ሰው ቤት ገብታ፣ እንደ ሰው ተቀምጣ፣ ንፍሮ ተዘግኖላት የምትበላው በዚህ ማኅበር ነው። ያቺን ቀን እንደ ልጅ ትጠብቃታለች።

ባለፈው ግንቦት ተራው የእሷ ሆነ። ልጇ ሕሊና ጎንደር ላይ የሰርግ አዳራሽ የምታስጌጥ፣ ዲኮር የምትሠራ ቀልጣፋ ልጅ ናት። ደውላ «እማዬ፣ ዘንድሮ እኮ ከማኅበሩ ጋር ሠላሳ ዓመትሽ ነው! ተይው ለኔ፣ ሰርፕራይዝ ነው» አለቻት። ዕፀገነት እዚያ ላይ «ተይ ልጄ፣ ደንብ አለን» ማለት ነበረባት። አላለችም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደስ አላት። እነዚህን ሴቶች አንድ ቀን እንኳ ደኅና አድርጌ ባበላ ምን ነውር አለው አለች በሆዷ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይሄ ነው።

ግንቦት ዐሥራ ስድስት ቀን ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ደረጃውን ወጥተው ሲገቡ ያዩት ሌላ ነገር ነው። ወንበሩ ሁሉ ነጭ ልብስ ለብሶ ከኋላው በወርቃማ ሪባን ታስሯል። በአንድ ወገን ቡፌ ተደርድሯል፤ ዶሮው፣ ክትፎው፣ ጥብሱ፣ ዐይነቱ ብዙ ነው። በመካከሉ «30» የተጻፈበት ኬክ ቆሟል። ሁለት ሙክት ታርዷል። ወሩ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ጾም የለም፣ እንግዲህ ማን ይከልክል! የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃቸው፣ እማማ ጥበብ የወንበሩን ልብስ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና «ኧረ ይሄን ነገር እናቆሽሽባችኋለን!» ብለው ቆመው ቀሩ። ሕሊና እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

ሴቶቹ በሉ። ለምን አይበሉ! ግን ጨዋታ የለም። ሌላ ጊዜ ከንፍሮው ድስት ዙሪያ የማይነሣ ወሬ የለም፤ ዛሬ ፈተና እንደተቀመጠ ተማሪ በየወንበራቸው ተራርቀው ሳህናቸውን ያያሉ። ዳቦውን የባረኩት የማኅበሩ ቄስ አባ ወልደ ሩፋኤልም ጥቂት ቀምሰው ሳህናቸውን አስቀመጡ። ዕፀገነት ይህን አላየችም፤ እሷ «በሞቴ» ላይ ነበረች።

የሰኔ ተረኛ ማንጠግቦሽ ነበረች። ማንጠግቦሽ የዳባት ልጅ ናት። ባሏ የፓርኩ ጠባቂ ሆኖ ሳንቃ በር ሲያገለግል ታሞ ሞተባትና፣ አሁን ገበያ ላይ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ምላሷም እንደ ሽንኩርቷ ያቃጥላል ይሏታል። እሷና ዕፀገነት በአንድ ዓመት ሙሽሮች ነበሩ። አንድ ግቢ ተከራይተው፣ አንድ እንስራ እየተዋዋሱ ውሃ ቀድተዋል። አባ ጽዋውን አንሥተው «ተረኛ!» ሲሉ እልል ለማለት አፍ ሁሉ ተከፈተ። ማንጠግቦሽ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም።

«አባ፣ ይፍቱኝ» አለች። «እኔን ይለፈኝ።»

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ይለፈኝ አልኩ። እኔ ያለኝ ንፍሮ ነው። ከዚህ ሁሉ ድግስ በኋላ ንፍሮ ይዤ ማን ፊት ልቆም ነው? ስሜንም ከማኅበሩ ፋቁት።»

ይህን ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ደረጃውን ወረደች። ጽዋ ይለፈኝ ማለት በዚያ አገር ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ ማኅበር ደግሞ ተሰምቶም አያውቅ። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች «እኛስ ተራችን ሲደርስ ምን ልናደርግ ነው?» ተባባሉ። አባ ወልደ ሩፋኤል ጽዋውን መልሰው አስቀመጡት፤ «ጽዋ በግድ አያሸክሙትም። እዚሁ ይደር» አሉ።

እማማ ጥበብ ሲወጡ በር ላይ የዕፀገነትን ክንድ ያዝ አደረጉ። «ገነቴ፣ እንዳልደብቅሽ። አንዷን ዘለን ወደ ሌላዋ አንሄድም፣ ደንብ ነው። እስከ ሰኔ ዐሥራ ስድስት ማንጠግቦሽ ጽዋውን ካልወሰደች ማኅበሩ ፈረሰ በይው።»

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ዕፀገነት ከነጫጮቹ ወንበሮች መካከል ቁጭ ብላ አለቀሰች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ሕሊና ሪባን ስትፈታ ቆይታ እሷም አብራ ማልቀስ ጀመረች። «እማዬ፣ እኔ እኮ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው!»

«አንቺ ምን አጠፋሽ? ደንቡን የማውቀው እኔ» አለች ዕፀገነት። «ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁትን ነገር በአንድ ቀን ኬክ አፈረስኩት።»

ሀብተ ሚካኤል ነገሩን ሲሰማ ግራ ገባው። «ቆይ፣ ችግሩ ማቅረብ አለመቻሏ አይደለም? እንግዲያ እናቅርብላታ!» አለ። ለዚህ ሰው በዓለም ላይ በሙክት የማይፈታ ችግር የለም። ዕፀገነትም የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፍቷት ስለነበር እሺ አለች። በማግስቱ ከጧቱ በአራት ሰዓት አንድ ኩንታል ጤፍ፣ አንድ ጀሪካን ዘይትና አንድ የሰባ ሙክት በባጃጅ ተጭነው ወደ ማንጠግቦሽ ቤት ሄዱ። በአምስት ሰዓት ተመለሱ። ሙክቱ በባጃጁ ጎን አንገቱን አውጥቶ፣ ገበያተኛውን ግራና ቀኝ እያየ፣ እንደ ሹም ከተማውን ዞሮ መጣ። ሾፌሩ መልእክት ነበረው፤ እየፈራ እየተባ አደረሰ።

«ሰኔ ዐሥራ ስድስት ጾም ነው፤ ሙክቱ እስከዚያ አብሮኝ ሊጾም ነው ወይ ብላለች። ደግሞ... እኔ ቤት በራሳችሁ ጤፍ ደግሳችሁ ራሳችሁ ልትበሉት ነው ወይ ብላለች።»

ገበያው በሳቅ ሞተ። ዕፀገነት በኀፍረት ሦስት ቀን ከቤት አልወጣችም። ከዚያ ወዲያ ጾመ ሐዋርያት ገባ፤ ጽዋው በነጭ ጨርቁ እንደተሸፈነ ሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። እንግዳ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ዕፀገነት ግን «በሞቴ» ማለቱን ትታ ዝም ብላ ታሳልፋለች። «ምነው፣ አሞሻል እንዴ?» ሲሏት «ጾሙ ነው» ትላለች። ልቧ ግን ቀን እየቆጠረ ነበር፤ ሰኔ ሰባት፣ ሰኔ ስምንት። በመጨረሻ አባ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ሄደች።

«አባ፣ ምን ላክላት? ምን ባደርግ ትታረቀኛለች?»

«ምንም አትላኪ» አሏት። «እግር የለሽም?»

በዚያው ቀን፣ በሰኔ ዝናብ፣ ጭቃውን እየረገጠች ማንጠግቦሽ ቤት ደረሰች። አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳው በጭቃ ተለስኖ በጋዜጣ ተለብዷል። ማንጠግቦሽ ሽንኩርት እየጎነጎነች ነበር፤ ቀና ብላ አየቻት።

«ዛሬስ ምን አስጭነሽ መጣሽ?»

«ምንም።»

«ተመስገን። ግቢ እንግዲህ፣ ዝናቡ እየገባብኝ ነው።»

ዕፀገነት መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ማንጤ፣ ማሪኝ» አለች።

«ምንሽን ልማርሽ? ስላበላሽኝ?» ማንጠግቦሽ ሽንኩርቱን አስቀመጠች። «ልንገርሽ፣ ያቃጠለኝን። ሠላሳ ዓመት ቤቴ ስትመጪ ንፍሮዬን ወደሽው የምትበይ ነበር የሚመስለኝ። የዛን ዕለት ያንን ቡፌ ሳይ፣ ለካስ ስታዝንልኝ ነው የኖረችው አልኩ። ለካስ እየቻለችን ነበር አልኩ። እንዲህ ነው የሚበላው ብለሽ ያሳየሽኝ መሰለኝ፤ አንጀቴ ነው የተቃጠለው።»

«በኪዳነ ምሕረት! አይደለም!» አለች ዕፀገነት። «ማንጤ፣ እኔ ከዚህ ማኅበር በቀር ማን ቤት እገባለሁ? ማን ይጠራኛል?»

ማንጠግቦሽ ሳቀች። «አንቺን? ከተማው ሁሉ አንቺ ቤት አይደለም ወይ የሚውለው!»

«እኔ ቤት ይውላል! የኔን ቤት ማን አነሣ? አምና ታምሜ ዐሥራ አምስት ቀን ስተኛ፣ ሊጠይቀኝ የመጣው ሁሉ ምሳ በልቶ ሄደ። አንዲት ሴት፣ አንዲት! አጥሚት ይዛልኝ አልመጣችም። እሷ ምን ይጎድላታል ብለው ነው። ይጎድለኛል፣ ማንጤ። እንዲህ ሰው ቤት ቁጭ ማለት ይናፍቀኛል። ንፍሮሽን እወደዋለሁ። ብታምኚኝም ባታምኚኝም ወሩን ሙሉ እሱን ነው የማስበው።»

እንባዋ ወረደ። ማንጠግቦሽ ሽንኩርቱን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች።

«አጥሚቱን እኔ አፍልቼው ነበር» አለች በመጨረሻ። «በፔርሙስ አድርጌ ከመንገዱ ማዶ ድረስ መጣሁ። መኪና ቆሞ፣ ሰው ደረጃው ላይ ተኮልኩሎ አየሁ። ያን ሁሉ ሰው አልፌ የኔን አጥሚት ይዤ ልውጣ? አፈርኩ። ተመልሼ ራሴ ጠጣሁት።»

«ማንጤ!»

«ምን ላድርግ፣ ድሃ ኩሩ ነው» አለች ማንጠግቦሽ፤ እሷም ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ድምፅዋን ወደ ነበረበት መለሰችው። «በይ ስሚ። ጽዋውን ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ። ግን ሰኔ ዐሥራ ስድስት ስትመጪ በእጅሽ አንዲት ነገር ይዘሽ ባይ! ሎሚ እንኳ! ከመደቡም ንቅንቅ አትይም። አንዴ ‹በሞቴ› ያልሽ እንደሆነ በኪዳነ ምሕረት እምልልሻለሁ፣ አስወጣሻለሁ።»

ሰኔ ዐሥራ ስድስት ዕፀገነት እጇን አወዛውዛ ከፎቁ ወረደች። እንዲህ ያለ ከባድ መንገድ ሄዳ አታውቅም። ባዶ እጇን ሰው ቤት መሄድ የት ለምዳ! ሁለት ጊዜ ሱቅ ደጅ ላይ ቆማ ስኳር ልትገዛ ዳዳት፤ ሁለት ጊዜ ራሷን ገሥጻ አለፈች። ስትደርስ ማንጠግቦሽ እጆቿን ገልብጣ አየችና «ጎሽ! ተቀመጪ» አለቻት።

ቤቲቱ ጢም ብላ ሞልታለች። ዕፀገነት በእማማ ጥበብና በግድግዳው መካከል ተወሸቀች። ጸሎት ደርሶ ዳቦው ተባርኮ ሊቆረስ ሲል፣ ከበሩ ላይ አምስት ሰዎች «ቤቶች!» አሉ። ከአምባራስ በቅሎ ነድተው ወርደው ዝናብ የያዛቸው ናቸው። ለጽዋ የመጣ እንግዳ አይመለስም፤ ገቡ። ማንጠግቦሽ የንፍሮውን ድስት አየች፣ ሰዉን አየች። አይበቃም።

ዕፀገነት ቀድማ አይታዋለች። እሷ ድግስ ካየች ለስንት ሰው እንደሚበቃ በዐይኗ ትመትራለች። እጇ ሳታዝዘው ኪሷ ገባና ስልኩን ጨበጠ። አንድ ቃል ብትደውል ሀብተ ሚካኤል በዐሥር ደቂቃ ሙሉ ድስት ያስጭናል። ቀና ስትል ማንጠግቦሽ አፍጥጣ እያየቻት ነው። ዕፀገነት እጇን አወጣችና ከጭኗ ሥር ሸጎጠችው። እግዚኦ፣ እንዴት ጨነቃት! ላብ አጠመቃት።

ማንጠግቦሽ ቢላዋውን አነሣችና እያንዳንዱን ቁራሽ ዳቦ ለሁለት ከፈለችው። ንፍሮውን በጭልፋ መስጠቷን ትታ በእፍኟ ታድል ጀመር። «ሐዋርያትም እንዲህ ነው የጾሙት! ሆዱ የጎደለበት እሳቸውን ይጠይቅ!» ብላ ወደ አባ ወልደ ሩፋኤል አመለከተች። አባ በሳቅ ትን አላቸው። በቅሎ ነጂዎቹ ሳቁ፤ እማማ ጥበብ የዕፀገነትን ጉልበት እየመቱ ሳቁ፤ ወሬው ከየአቅጣጫው ፈነዳ። ለሁሉም ደረሰ። ለዕፀገነት ግማሽ እፍኝ ስንዴና ባቄላ ደረሳት። አንድ አንድ ፍሬ እያነሣች፣ ማንም «ጨምሪ» ሳይላት፣ እሷም ለማንም «ጨምር» ሳትል፣ አጣጥማ በላች። ደስታዋ ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር። ማታ ጽዋው ወደ ሐምሌዋ ተረኛ ቤት በእልልታ ሄደ፤ እሷም ከኋላ እያጨበጨበች ሸኘች።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ የዕፀገነት ሳሎን እንደ ልማዱ ሞላ። አዲስ የመጣ የመንግሥት ሹም ከነባልደረቦቹ ተጋብዟል። እሷ የዶሮ ወጥ ሰሐን ይዛ ከማድቤት ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። ሰሐኑን በአንድ እጇ አስደግፋ አነሣችው።

«ምን ትሠሪያለሽ?» አለች ማንጠግቦሽ፣ ሰላምታም ሳትል። «ጎመን ሠርቻለሁ። ሳይቀዘቅዝ ነይ።»

«አሁን?»

«ኧረ ለፋሲካ! አሁን ነዋ! ካልተመቸሽ ብቻዬን እበላዋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ዕፀገነት ሰሐኑን ለባሏ አስታቀፈችውና ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች። ሀብተ ሚካኤል ወጡ እጁ ላይ እንዳይፈስበት እየተጠነቀቀ ተከተላት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወዴት ነው? ሰውየው ገና መቀመጡ ነው! ማን ሊያጎርሳቸው ነው?»

ዕፀገነት ደረጃውን እየወረደች ነበር፤ ዞር ሳትል መለሰችለት።

«ተጠርቼ ነው!»